የጓሳ በር ቁጭ ባይ

ኅዳር 10 ቀን 2076 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጓሳ በር ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ቁጭ ባይዋ ሲሳይነሽ አበጋዝ፣ የጥገና ሠራተኛው ደምሰው ወልደሰማያት፣ በዚያው ዕለት ከአዲስ አበባ የመጣችው የኩባንያው መሐንዲስ ሐመልማል፣ እንዲሁም በመስታወት አልጋ የተኙ ሦስት ሕፃናት። በበሩ ራስ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን «ሰው፦ 3» ይላል። ሕፃናቱን ቤቱ አልቆጠራቸውም።

ሲሳይነሽ በዚህ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ሥራዋ መቀመጥ ነው። የሆስፒታሉ ሕንጻ፣ ሠራተኛው በአጭሩ «ቤቱ» የሚለው፣ ሰው ያለበትን ክፍል ያሞቃል፣ ያበራል፤ ሰው የሌለበትን ያጠፋል። ሁለት ኪሎ ያልሞላ ገላ ግን ሰው አይመስለውም። እናቶች በየሦስት ሰዓቱ መጥተው አጥብተው ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለቤቱ ባዶ ክፍል ነው። የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ስድስት ደቂቃ ይታገሣል፤ ከዚያ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በ2065 ዓ.ም. አንድ ቀን ይዞ ሄዷል። የሞተችው ሕፃን ገና ስም አልወጣላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ በፈረቃ የሚቀመጡ ሴቶች ቀጠረ፤ የሥራ መደቡም በወረቀት ላይ «ቁጭ ባይ» ተብሎ ሰፈረ።

ሲሳይነሽ ስድስት ደቂቃን እንደ ገዛ ትንፋሿ ታውቃታለች። መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር አንድ ወሬ መቀባበል አንድ ደቂቃ ተኩል። የቀረችው ግማሽ ደቂቃ የሩጫ ናት።

በሌላው ክፍል መብራቱ የሚታዘዘው ለሚንቀሳቀስ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያም ሰው ከቤቱ ጋር መኖር ለምዷል። በኮሪደር የሚሄድ ሰው እያጨበጨበ ይሄዳል፤ መብራቱ ከፊቱ እየነቃ ከኋላው ይተኛል። መጽሐፍ የሚያነብ በሽተኛ ገጽ በገለጠ ቁጥር እጁን ከፍ ያደርጋል። ቆሞ የሚጸልይ ሰው ጸሎቱን ሳይጨርስ ይጨልምበታል፤ ስለዚህ የጓሳ በር በሽተኞች እየተወዛወዙ መጸለይ ለምደዋል። ብርድ ሲጠና ደግሞ ቤቱ በገላው ክፍሉን የሚያሞቅ ዘመድ ይጠራል፦ «አልጋ ሰባት ቀዝቅዟል፤ ሁለት ጠያቂ ይምጣ።» ዘመድም ይመጣል። የታመመ መጠየቅ በአገሩ ድሮም ያለ ነው፤ አሁን ግን ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ሰውን በዓይኑ ይመዝናል። ወፍራም ጠያቂ ተራ አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በተፈረመ ውል ነው። ያኔ ሆስፒታሉ የነበረው አሮጌ ማሞቂያና ግማሹ የማይበራ አምፖል ነበር። ኩባንያው ሁሉንም ነቅሎ በራሱ ወጪ አዲስ ገጠመ፤ ሆስፒታሉም ከሚቆጥበው ኃይል ላይ እየከፈለ ቆየ። በየዓመቱ አንድ የልኬት ቀን አለ። በአሥራ አምስተኛው ዓመት የልኬት ቀን ሆስፒታሉ ከንጋት እስከ ምሽት ከአራት መቶ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ካልፈጀ ማሞቂያውም፣ መብራቱም፣ ቤቱ ራሱም የሆስፒታሉ ይሆናል። ካለፈ ውሉ ለሌላ አሥር ዓመት ይራዘማል። እስከዚያ ድረስ የቤቱን ጠባይ ማንም መንካት አይችልም። ዘንድሮ አሥራ አምስተኛው ዓመት ነው።

ሲሳይነሽ ከዚህ ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ። ሰው በእጁ የሚጫነው፣ ሰው ቢወጣም መብራቱንና ሙቀቱን የሚያቆይ። ደምሰው ከአሮጌ ዕቃ ክፍል አንድ አግኝቶ ጠርጎ አስቀምጦላታል። ጫፉ ተሰንጥቋል። ከሰኔ ጀምሮ በካፖርቱ ኪስ ይዞት ይዞራል፤ ሲያገኛት አውጥቶ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርግላታል።

«ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ቆጣሪውን አሽጋለሁ» አለች ሐመልማል።

«ነገ?» አለ ደምሰው። «ከነገ ወዲያ እንጂ፣ ኢንጂነር። ልኬቱ እኮ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው።»

«ማን አለ?»

«እኛ ነና። ሁልጊዜ ሚካኤል ነው። ገጠሬው ሁሉ ለንግሥ ይመጣል፣ ታቦቱ ሲገባ ከዚያው የታመመ ሊጠይቅ እዚህ ይገባል። ክፍሉ ሁሉ በሰው ይሞላል፣ ማሞቂያው ያርፋል። እንደዚያ ነው የምናልፈው።»

ሐመልማል ውሉን ከፍታ አነበበች። «ሚካኤል የሚል የለበትም። ኖቬምበር 21 ነው የሚለው። እስካሁን ልኬቱን ከአዲስ አበባ ሆነን ነበር የምንወስደው፤ ውጤቱ ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ለማጠቃለያው ነው እኔ የመጣሁት።»

ሲሳይነሽ ከወንበሯ ፊት ለፊት የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ እየተቀየረ ስታየው ኖራለች። በእያንዳንዱ ቀን ሥር የፈረንጁ ቀን በደቃቅ ቁጥር ታትሟል። ኅዳር 12 ሥር 22 ይላል። ኅዳር 11 ሥር 21።

«አምና ጳጉሜን ስንት ነበረች?» አለች።

«ስድስት» አለ ደምሰው።

ሲሳይነሽ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። በሆስፒታሉ ውስጥ ዘመነ ዮሐንስ አይቀናንም የሚባል ነገር አለ። በ2064 ዓ.ም. ውጤቱ ከአራት መቶ በላይ ወጣ፤ በ2068ም ወጣ፤ በ2072ም ወጣ። ሦስቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። በሦስተኛው ጊዜ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ማሞቂያ ክፍሉን ጠበል አስረጭተውታል።

«በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የእኛ ኅዳር አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል» አለች ሲሳይነሽ ቀስ ብላ። «የእነሱ 21 የሚካኤል ዋዜማ ላይ ይወድቃል። በዋዜማው ደግሞ እዚህ ድርሽ የሚል የለም፤ ሁሉም ደፋ ቀና ሲል ነው የሚውለው። ቅዱስ ዮሐንስን ያለ ጥፋቱ ስናማው ኖረናል።»

ከኮሪደሩ ማዶ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ሳቅ ተሰማ። የሳቁት የአልጋ ዘጠኙ አያ ውቤ ናቸው። አያ ውቤ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ መንገድ ሊሠሩ መጥተው ማሽናቸው ተገልብጦ ዳሌያቸውን ሰበራቸው። በአካባቢው ዘመድ የላቸውም። ቤቱ ብቻውን ለተኛ ሰው የሚሰጠው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ሦስት ወር በሁለት ብርድ ልብስና በቆብ ተኝተዋል።

«እመት ወንበር!» አሉ። «ተቀምጠሽ ሊቅ ሆንሽ እኮ!»

«እርስዎ ይሳቁ፣ አያ ውቤ። አሥር ዓመት ቢጨመር ማን ነው የሚበርደው?»

«እኔማ በርዶኝ አልቋል። ለአንቺ ነው እንጂ።»

ደምሰው ወደ ሐመልማል ዞረ። «ቀኑን ማዛወር አይቻልም?»

«አልችልም። ብፈልግም አልችልም።» ወረቀቱን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገለጠች፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት። «ጠያቂ ማብዛት ግን የሚከለክል አንቀጽ የለም። ‹በግቢው የሚገኝ ማንኛውም ሰው› ነው የሚለው። የማን ዘመድ እንደሆነ አይጠይቅም።» ይህን ብላ ወጣች። በኮሪደሩ ማጨብጨብ ስለማታውቅ በጨለማ ስትሄድ ተሰማች።

የጓሳ በርን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጠራ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የእድሩ ጥሩምባ። ነፊው አያ ጌጤ ናቸው። ስልክ አይዙም፤ በየንጋቱ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥተው ያደረ ሬሳ እንዳለ ዘበኛውን ይጠይቃሉ። ካለ ይነፋሉ፤ ከሌለ «ተመስገን» ብለው ይመለሳሉ። ደምሰው ያን ዕለት ከሥራ እንደወጣ ለልኬቱ እንዲነፉ ሊለምናቸው ቤታቸው ሄደ። ሲመለስ ሲሳይነሽን በር ላይ አገኛት።

«እምቢ አሉ። ጥሩምባ ለሞት ነው አሉ። ቡና ግን ጋብዘውኛል።»

«አንተ ደግሞ ጠጥተህ መጣህ።»

«ታዲያ ልትፋው?»

በማግስቱ፣ ኅዳር 11፣ ሲሳይነሽ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንበሯን ተረከበች። የሌሊቷ ተረኛ ልጆቿን ልታበላ ሮጣ ወጣች። ደምሰውና ሐመልማል ማሞቂያ ክፍል ገብተው ቆጣሪውን ለማሸግ ይዘጋጃሉ። ነርሷ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ናት። ውጭ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። በመስኮቱ በኩል አያ ጌጤ ጥሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው ከዘበኛው ጋር ሲነጋገሩ አየቻቸው። ከዚያም ቆባቸውን አስተካክለው ሊሄዱ ዞሩ።

ሲሳይነሽ ሕፃናቱን አየች። መካከል ያለችው አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ናት፤ እጇ በግማሽ ተዘርግቶ ተኝታለች። ሰሌዳውን አየች። «ሰው፦ 1።» ተነሣች።

ከክፍሉ እስከ ዋናው በር ድረስ ሄዳ ተመልሳ አታውቅም፤ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ማለት ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፤ ኮሪደሩን በሩጫ ስትወርደው መብራቶቹ ከፊቷ እየተደናበሩ ነቁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በረንዳውን ወረደች፣ ጠጠሩን አቋረጠች፣ በውርጩ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ሁለት ደቂቃ አልፏል።

«አያ ጌጤ፣ ቆዩኝ!»

ሽማግሌው ዞር አሉ። ጥሩምባውን ቀድሞ እጃቸው ጨበጠው። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

«ዛሬ ሰው ያስፈልገናል። ልኬቱ ዛሬ ሆነ።»

«ለደምሰው ነግሬዋለሁ እኮ፣ እታለም። ዛሬ ለመብራት ከነፋሁ ነገ ለሞት ስነፋ ማን አምኖ ይነሣልኛል?»

«ጥሩሰው ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

ጥሩሰው የልጅ ልጃቸው ናት። ያለ ጊዜዋ ተወልዳ በሆስፒታሉ አርባ ሁለት ቀን ተኝታ ነው ያደገችው፤ ከቁጭ ባይዋ ወንበር አጠገብ።

«ሦስተኛ» አሉ አያ ጌጤ። «ውለታ ልትቆጥሪብኝ ነው?»

«ውለታ አልቆጥርም። የምቆጥረው ደቂቃ ነው። ሦስት ሞልቶኛል፤ መመለሻው ሁለት ነው።»

«ጉድ እኮ ነው። ምን ብዬ ልንፋ? ማን ሞተ ልበል?»

«ማንም እንዳይሞት ይበሉ» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ሮጠች።

በሩን ገፍታ ስትገባ መብራቱ መደብዘዝ ጀምሯል። ወንበሯ ላይ ወደቀች። ሰሌዳው ትንሽ አሰበና «ሰው፦ 1» ብሎ ጻፈ፤ መብራቱም እንደገና ጠራ። ሕፃኗ እጇን አልሰበሰበችም። ሲሳይነሽ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ሲደልቅ ከሩቅ የሰማችውን መጀመሪያ የልቧ ምት መስሏት ነበር። ጥሩምባው ነው።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሞተ የለም! እንዳይሞት ግን ወደ ሆስፒታል ውጡ! ሰው ሁሉ ወደ ሆስፒታል!»

ከተማው እንዲህ ያለ ጥሪ ሰምቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ወጣ። ለንግሡ ቀድሞ መጥቶ በየዘመዱ ያደረው ገጠሬም ጋቢውን ደርቦ ተከተለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሐመልማል ቆጣሪውን አሸገች። በዚያው ሰዓት በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው መንገዱን ተሻግሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሶ ነበር።

«አልጋ አሥራ አራት፣ ሦስት ሰው!» ይላል ዘበኛው ሰሌዳውን እያየ። «አልጋ ሃያ፣ አራት ሰው! ወፈር ወፈር ያላችሁ ወደዚህ!»

«አንተ ማነው ወፍራም ያልከው?»

«እመቤቴ፣ ዛሬ ምስጋና ነው።»

ሲሳይነሽ ከወንበሯ ሆና በኮሪደሩ የሚያልፈውን ታያለች። ሰው በሰው ላይ ነው። የማያውቀውን በሽተኛ ስም ጠይቆ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ዳቦ የሚቆርስ፣ የሚመርቅ። ማሞቂያው እያጉረመረመ ቆይቶ ዝም አለ። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ጉርምርምታ ሰምታዋለችና ዝምታው አስደነገጣት። ከማዶ አያ ውቤ አልጋ ዙሪያ አራት ሰው ተቀምጧል።

«እመት ወንበር!» ብለው ተጣሩ። ቆባቸውን አውልቀዋል። «ላበኝ! በእግዜር ስም፣ ላበኝ!»

በሦስት ሰዓት ግን ደምሰው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «መቶ አርባ ደርሷል። በዚህ አካሄድ ሳይመሽ አራት መቶን እናልፋለን።»

«ማሞቂያው ቆሞ የለም እንዴ?»

«ሙቀቱ አይደለም። መብራቱ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ኮሪደሩ ሁሉ ይበራል። አንድ ሺህ ሰው እየተወዛወዘ ነው።»

ሲሳይነሽ ሳቀች። ማንም እሷን ሊያስተምራት የማይችል ነገር ነበርና። «እንዲቀመጡ ንገራቸው። እንደ እኔ።»

ደምሰው እየሮጠ ተናገረ። አያ ጌጤ ደግሞ በየክፍሉ እየገቡ ጥሩምባቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙ። ይህ ሕዝብ ማኅሌት ቆሞ ማደር የለመደ፣ ቅዳሴ ሳያልቅ የማይወጣ ሕዝብ ነው። መንቀሳቀስ ካቆመ አቆመ ነው። አንድ ሺህ ሰው በአግዳሚ፣ በወለል፣ በደረጃ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። መብራቶቹ ከበሩ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፉ። ኮሪደሩ ጨለመ፤ በጨለማው ውስጥ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሳል የያዘው ጋቢውን በአፉ እየጎረሰ ሳለ። ሐመልማል በጨለማው ወረቀቷን ለማንበብ እጇን ልታወዛውዝ አንሥታ ተወችው። ወረቀቱን አጥፋ አልጋ ዘጠኝ ጥግ ተቀመጠች።

«ኢንጂነር፣ እርስዎም ተቆጠሩ?» አሉ አያ ውቤ በሹክሹክታ።

«በግቢው የሚገኝ ማንኛውም ሰው» አለች ሐመልማል በሹክሹክታ።

በአሥር ሰዓት ቁጥሩ ሦስት መቶ ሠላሳ ነበር። በዚያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ የዋዜማው ደወል ተሰማ። በጨለማው ውስጥ ጋቢ ተንሿሿ፤ አንድ መብራት በራ። ሲሳይነሽ ወንበሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። ዋዜማ የሚቀር ሰው በጓሳ በር የለም። ሁለተኛ መብራት በራ። ከደረጃው አካባቢ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ፤ ማን እንደሆኑ በኋላም አልታወቀም።

«ሚካኤል ያለንበትን ያውቃል። ቁጭ በሉ።»

መብራቶቹ ጠፉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ከሜዳው ተነሥቶ ግድግዳውን መጫን ጀመረ። ማሞቂያው አንዴ ጉርምርም ብሎ ተነሣ። ደምሰው በሹክሹክታ ቁጥሩን ከክፍል ክፍል ያሻግራል፤ ሦስት መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ ዘጠና፤ ሰውም ከአፍ ወደ ጆሮ እየተቀባበለው እስከ በሩ ይደርሳል። ሰው ይበልጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። የገጠሩ ከከተማው፣ የተጣላውም ከተጣላው። ሲሳይነሽ እስትንፋሷን ሳይቀር ቆጠበች። ሦስት መቶ ዘጠና አምስት። ሐመልማል ሰዓቷን እያየች ከአልጋ ዘጠኝ ተነሣች፤ በኮሪደሩ በጨለማ ሄደች፤ ማሞቂያ ክፍል ገባች።

ምሽት በአሥራ ሁለት ሰዓት ቆጣሪው ላይ የነበረው ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት ነው። ሐመልማል አንብባ ፈረመች። ደምሰው ኮሪደሩ መካከል ቆመና ሁለት እጁን አነሣ፤ መብራቱ በእሱ ላይ ብቻ በራ። ያኔ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሆስፒታሉ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ፤ እልልታው ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር ተደባለቀ።

ኅዳር 12 የሚካኤል ንግሥ ተከበረ። ኅዳር 13 ጠዋት ደምሰው ጫፉ የተሰነጠቀውን ማብሪያ ማጥፊያ ከኪሱ አውጥቶ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ገጠመው።

«ተጫኚው» አላት።

«አንተ ተጫነው። ያንተ ነው።»

«ስድስት ወር ቀጭ ቀጭ ሳደርገው ኖሬያለሁ። ጠግቤዋለሁ።»

ተጫነችው። ከዚያም ወጥታ በመስታወቱ ማዶ ቆመች። ሰሌዳው «ሰው፦ 0» አለ። አምስት ደቂቃ ሆነ። ስድስት ሆነ። ጉልበቷ ሊሮጥ ፈለገ፤ ደምሰው ክንዷን ያዘ። ሰባት ሆነ። መብራቱ በርቶ ቆየ፤ ሙቀቱም አልሄደም። መካከል ያለችው ሕፃን አዛጋች። ሲሳይነሽ እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆማ አየች። ከዚያ ወዴት መሄድ እንዳለባት ስላላወቀች ልብስ አጣቢዎቹ ጋ ሄደች፤ ቁጭ ብላ ሳትቸኩል አንድ ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማች።

የቁጭ ባይ የሥራ መደብ በወሩ መጨረሻ ተዘጋ። ሲሳይነሽ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወረች። ሌሎቹም ክፍሎች ማብሪያ ማጥፊያ ስለተገጠመላቸው ቤቱ ጠያቂ መጥራቱን ተወ፤ ዘበኛውም ሰው መመዘኑን አቆመ። የሚመጣው ጠያቂ እየቀነሰ ሄደ፤ ታኅሣሥ ሲያልቅ በግማሽ ጎድሎ ነበር። አያ ውቤ ክፍላቸው ሞቆላቸዋል፤ ብርድ ልብሳቸው አንድ ሆኗል። ሲሳይነሽ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ አሮጌ ወንበሯን ከኮሪደሩ ማዶ አሻግራ አልጋ ዘጠኝ አጠገብ ትቀመጣለች።